የሦስት ደቂቃ ቼስ፦ ቶሎ ማሰብ ነው ወይስ ሳያስቡ ማወቅ?

ቼስ በደንብ ትችላላችሁ እንበል። ጓደኞቻችሁን ታሸንፋላችሁ፤ ኦንላይንም በ10 እና በ15 ደቂቃ ጨዋታ ሬቲንጋችሁ 2000 አካባቢ ደርሷል። የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ስትገቡ ግን ሌላ ሰው የተጫወተላችሁ ይመስላል። አሸናፊ የሆነ አቋም ይዛችሁ ሰዓት ያልቅባችኋል፤ ወይ ደግሞ በመጨረሻዎቹ 20 ሰከንዶች ንግሥታችሁን በነጻ ትሰጣላችሁ። «ብዙ ብጫወት ይስተካከላል» ብላችሁ በወር 500 ጨዋታ ትጫወታላችሁ። ሬቲንጉ ግን ወይ ፍንክች!

500 ጨዋታ ቀላል አይደለም። አንዱ ጨዋታ በአማካይ 5 ደቂቃ ቢወስድ በድምሩ ከ41 ሰዓት በላይ ነው። የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ሳምንት ማለት ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሰጥታችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ ችግሩ የልምምዱ ማነስ ሳይሆን ዓይነቱ ሊሆን ይችላል። እስቲ ነገሩን እንደ አንድ መሐንዲስ ፈታትተን እንየው፦ በፈጣን ቼስ ውስጥ ጊዜው የሚሄደው የት ነው? የቱስ ክፍል ነው በልምምድ የሚሻሻለው?

መጀመሪያ ሒሳቡ

የዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ደንብ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጠውን ጨዋታ «ብሊትዝ» ይለዋል። ኦንላይን በጣም ከተለመዱት መካከል የ3 ደቂቃው፣ «3+2» የሚባለው (3 ደቂቃ ሆኖ በየእንቅስቃሴው 2 ሰከንድ የሚጨመርበት) እና «ቡሌት» የሚባለው የ1 ደቂቃ ጨዋታ ይገኙበታል።

3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። ጨዋታው 40 እንቅስቃሴ ቢፈጅ ለአንዱ 4.5 ሰከንድ ይደርሰዋል። 60 ቢፈጅ 3 ሰከንድ ብቻ። በ«3+2» ግን ያው 60 እንቅስቃሴ 120 ተጨማሪ ሰከንድ ያመጣል፤ በአጠቃላይ 300 ሰከንድ፣ ለአንዱ 5 ሰከንድ ማለት ነው። ሁለቱ ጨዋታዎች ስማቸው ቢቀራረብም ባሕርያቸው በጣም ይለያያል። በየእንቅስቃሴው ሰከንድ የሚጨምረውን ሰዓት በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቦቢ ፊሸር ነው፤ በ1992 ከስፓስኪ ጋር ሲጫወትም ተጠቅሞበታል።

አሁን በ4.5 ሰከንድ ምን ማስላት እንደሚቻል አስቡት። በጨዋታው አጋማሽ ላይ በአንድ አቋም ውስጥ 30 ያህል የሚፈቀዱ እንቅስቃሴዎች ይኖራሉ። የተጋጣሚያችሁን መልስ ስትጨምሩ 900 ይሆናል፤ የእናንተን ቀጣይ ስትጨምሩ 27,000። ይህን በ4.5 ሰከንድ የሚቆጥር የሰው ልጅ የለም። ታዲያ እነዚያ ጎበዞች እንዴት ነው የሚችሉት?

መልሱ፦ አይቆጥሩም።

ዓይን የሚያነበው

የኔዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ኽሮት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ታላላቅ ተጫዋቾች ሲያስቡ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጎ ነበር። አብዛኛው ሰው ታላላቆቹ በጣም ርቀው፣ በጣም ብዙ እንቅስቃሴ ያሰላሉ ብሎ ይጠብቃል። ደ ኽሮት ያገኘው ግን ከጥሩ ተጫዋቾች ጋር ሲወዳደሩ በስሌት ጥልቀት ያን ያህል እንደማይለዩ ነው። ልዩነቱ የታየው ገና ከመጀመሪያው ጥሩዎቹን እንቅስቃሴዎች በማየታቸው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ቼዝ እና ኸርበርት ሳይመን ይህን በሙከራ አጠኑት። (አዎ፣ ተመራማሪው በአጋጣሚ ስሙ ቼዝ ነው! ሳይመን ደግሞ በኋላ፣ በ1978፣ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው።) አንድ ማስተር፣ አንድ ጥሩ አማተርና አንድ ጀማሪ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቋም ለ5 ሰከንድ አይተው ከትውስታቸው እንዲደረድሩት ተጠየቁ። ማስተሩ 16 ያህል ጠጠሮችን በትክክለኛ ቦታቸው አስቀመጠ፤ አማተሩ 8፣ ጀማሪው 4። ቀጥለው ጠጠሮቹን ያለምንም ሥርዓት በዘፈቀደ በትነው ሙከራውን ደገሙት። የማስተሩ ብልጫ ጠፋ።

ይህ ምን ይነግረናል? የማስተሩ አእምሮ እንደ ካሜራ የሚያነሳ ልዩ ትውስታ የለውም። ያለው የሚታወቁ ቅርጾች ክምችት ነው። እናንተ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ስታነቡ ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ እያላችሁ አትቆጥሩም፤ ቃሉን በአንድ ጊዜ ታዩታላችሁ። ፊደል ገና የሚማር ሕፃን ግን አንድ በአንድ ይሄዳል። ማስተሩም የተሸሸገውን ንጉሥ፣ ከፊቱ ያሉትን ሦስት ወታደሮችና አጠገቡ ያለውን ሩክ እንደ አንድ «ቃል» ያነባቸዋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጭ ንጉሥ ኢ6፣ ነጭ ወታደር ኢ5፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ8 ላይ ናቸው፤ ሌላ ጠጠር የለም። ማን ያሸንፋል? ይህን የማያውቅ ሰው «እሱ እዚህ ቢሄድ፣ እኔ እዚያ ብሄድ» እያለ 20 ሰከንድ ይፈጃል። የሚያውቀው ሰው ግን ንጉሡ ከራሱ ወታደር ፊት ሆኖ 6ኛው ረድፍ ላይ ከደረሰ፣ ወታደሩ የጠርዝ ካልሆነ በስተቀር፣ ተራው የማንም ይሁን ነጭ እንደሚያሸንፍ በአንድ እይታ ያውቀዋል። ሁለቱ ሰዎች በማሰብ ፍጥነት ላይለያዩ ይችላሉ። አንደኛው ጭራሽ ማሰብ አላስፈለገውም፤ በቃ።

ብሩስ በርንስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት የተጫዋቾችን የብሊትዝ ውጤት ከመደበኛ ሬቲንጋቸው ጋር አነጻጸረ። በብቃታቸው መካከል ካለው ልዩነት እስከ 81 በመቶ የሚሆነውን በብሊትዝ ውጤታቸው ማብራራት ተችሏል። ረጅም ስሌት በማይቻልበት ጨዋታ እንኳን ብቃት ይህን ያህል ከታየ፣ የብቃቱ ትልቁ ክፍል ፈጣን የሆነው ዕውቀት ነው ማለት ነው። ማግነስ ካርልሰን በዘገምተኛው ቼስ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ ከ2017 እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ የዓለም የብሊትዝ ሻምፒዮናንም ማሸነፉ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ግን ጠንቀቅ በሉ! ይህ «ማሰብ አያስፈልግም» ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ጎበዝ ተጫዋቾችም መጀመሪያ ከመጣላቸው እንቅስቃሴ ይልቅ ጥቂት አስበው የመረጡት የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ላስብ ወይስ አላስብ?» ሳይሆን «ያለኝን ጥቂት ሰከንድ የት ላይ ላውለው?» የሚለው ነው።

ሰከንዶቹ የት ሄዱ?

ጥሩው ነገር ኦንላይን ስትጫወቱ ማስረጃው ይቀመጥላችኋል። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ላይ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባችሁ በጨዋታው መዝገብ ላይ አለ። የመጨረሻ 20 ጨዋታዎቻችሁን ክፈቱና ከ10 ሰከንድ በላይ የወሰዱትን እንቅስቃሴዎች ብቻ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ በሦስት ክፍል መድቧቸው።

አንደኛው፣ ማወቅ የነበረባችሁ ነገር ነው። በምትወዱት መክፈቻ 7ኛ እንቅስቃሴ ላይ 12 ሰከንድ ከቆማችሁ የጎደለው ፍጥነት ሳይሆን ዝግጅት ነው። በአገራችን ባህላዊ ሰንጠረዥ የጨዋታው መጀመሪያ «ወረራ» ይባላል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እንደ ፍላጎታቸው እየፈጠኑ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። የሚፈልገውን አሰላለፍ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ይጠቀማል። የብሊትዝ መክፈቻም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት መክፈቻ በነጭ፣ ሁለት በጥቁር ይበቃል፤ ግን ጠጠሮቹ የት እንደሚቀመጡና ለምን እንደሆነ በደንብ እወቁ።

ሁለተኛው፣ በእኩዮች መካከል መዋለል ነው። ሩኩ ዲ1 ይሁን ወይስ ኢ1? 15 ሰከንድ ታስባላችሁ። በኋላ ኢንጂኑን ስትጠይቁት የሁለቱ ልዩነት የአንድ ወታደር አንድ አሥረኛ ነው። ያጠፋችሁት 15 ሰከንድ ግን ከሦስት ሙሉ እንቅስቃሴዎች ድርሻ ይበልጣል። በጠንካራ ተጫዋቾች ዘንድ ትልቁ ብክነት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ብዙ ጥሩ አማራጭ ስለሚያዩ መምረጥ ይከብዳቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ሕግ ነው፦ ሁለቱም አደጋ ከሌላቸው፣ መጀመሪያ የመጣላችሁን ተጫወቱ።

ሦስተኛው፣ በእርግጥም ማሰብ የሚገባበት ቦታ ነው። ንግሥት ልትለዋወጡ ነው፤ ቢሾፓችሁን ኤች7 ላይ ሠውታችሁ ንጉሡን ልታጠቁ ነው፤ ወይም ወደማይመለስ የወታደሮች ፍጻሜ ልትገቡ ነው። እዚህ ላይ 15 ሰከንድ አውጡ፤ አትቆጩ። ካለፈ በኋላ ልታርሙት የማትችሉት ውሳኔ ነውና።

ይህን እንደ በጀት እንየው። በ3 ደቂቃ ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ 10 እንቅስቃሴዎች በ1 ሰከንድ ቢሄዱ 10 ሰከንድ። አራት ትልልቅ ውሳኔዎች በ15 ሰከንድ 60 ሰከንድ። የቀሩት 26 እንቅስቃሴዎች በ3 ሰከንድ 78 ሰከንድ። ድምሩ 148። ጨዋታው ከ40 እንቅስቃሴ ካለፈ መጠባበቂያ የሚሆን 32 ሰከንድ ተረፈ። አያችሁ? በሦስት ደቂቃ ውስጥም አራት ጊዜ በእርጋታ ማሰብ ይቻላል፤ ሌላው ቦታ ላይ ካልተበተነ።

እጅና መስመር

አእምሮ ብቻ አይደለም ጊዜ የሚወስደው። እ.ኤ.አ. በ1954 ፖል ፊትስ እጃችንን ወደ አንድ ዒላማ ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ በርቀቱና በዒላማው ስፋት እንደሚወሰን አሳየ። ክብደቱ የሚለካው በሎጋሪዝም ነው፦ ርቀቱን በሁለት አባዝቶ ለስፋቱ በማካፈል፣ ከዚያ መሠረቱ 2 የሆነ ሎግ መውሰድ። በቼስ ቦርድ ላይ የዒላማው ስፋት አንድ ካሬ ነው። ወደ ጎረቤት ካሬ መሄድ 1 ቢት ሲሆን፣ ሰባት ካሬ መሄድ ደግሞ 3.8 ቢት ገደማ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ቦርዱን በስክሪኑ ላይ ማተለቅ ብቻውን ብዙ አያፈጥንም፤ ካሬው ሲሰፋ ርቀቱም አብሮ ይረዝማልና ስሌቱ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ 5 ሰከንድ ሲቀራችሁ ጠቋሚያችሁ ባለበት አካባቢ ያለ ጠጠር፣ አጭር መንገድ ማንቀሳቀስ ይሻላል። ንጉሥን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ አሰልቺ ቢመስልም ለእጅ ቀላሉ ሥራ ነው።

«ፕሪሙቭ» የሚባለውም አለ፤ ተጋጣሚያችሁ ሳይንቀሳቀስ መልሳችሁን አስቀድማችሁ ማዘዝ። ሊቼስ ላይ ምንም ጊዜ አይወስድም፤ ቼስ ዶት ኮም ላይ 0.1 ሰከንድ ይቆርጣል። ተጋጣሚያችሁ ጠጠራችሁን ሊበላ እንደሆነ እርግጠኛ ከሆናችሁና መልሳችሁ መብላታችሁ ግዴታ ከሆነ ተጠቀሙበት። እሱ ካልበላ የእናንተ ትእዛዝ ስለማይፈቀድ ይሰረዛል፤ ስለዚህ አደጋ የለውም። ወታደር ወይም ንግሥት በፕሪሙቭ ወደ ባዶ ካሬ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎበዝ ተጋጣሚ ይህን ጠብቆ ነው ወጥመድ የሚያኖርላችሁ።

ኢንተርኔቱስ? አዲስ አበባ ሆናችሁ 5,000 ኪሎሜትር ርቆ አውሮፓ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ተገናኝታችኋል እንበል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልስ 10,000 ኪሎሜትር ስለሆነ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በመንገዱ ብዙ መሣሪያዎች ስላሉ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። በ40 እንቅስቃሴ ሲባዛ፣ 50 ሚሊሰከንዱ ብቻውን 2 ሰከንድ ነው። ሊቼስ ከዚህ መዘግየት የተወሰነውን መልሶ ይሰጣል። ለ3 ደቂቃ ጨዋታ ብዙ አይጎዳም፤ ለ1 ደቂቃ ጨዋታ ግን ይሰማል። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ «3+2» ምረጡ፤ የሚጨመረው ሰከንድ ይህን ይሸፍናል።

ሬቲንጉ እውነቱን ይናገራል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች ተስፋ የሚቆርጡት። ትናንት 60 ነጥብ ወጡ፤ ዛሬ 80 ወረዱ። «ደደብ ሆንኩ እንዴ?» ይላሉ። አይደለም። የፊዚክስ መምህር የነበረው አርፓድ ኤሎ የሠራው ቀመር የ20 ነጥብ ብልጫ ያለው ተጫዋች በአማካይ ከ100 ነጥብ 52.9 ገደማ ያገኛል ይላል። 100 ነጥብ ብልጫ ያለው ደግሞ 64።

አሁን ሳንቲም መወርወርን አስቡ። ከእኩያችሁ ጋር 20 ጨዋታ ብትጫወቱ (አቻ መውጣትን ለጊዜው እንተው) ውጤታችሁ 10 አካባቢ ይሆናል፤ ግን 7 ወይም 13 ቢሆን ምንም አይገርምም። በእነዚያ 20 ጨዋታዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ አራት በተከታታይ የመሸነፍ ዕድላችሁ ወደ 48 በመቶ ይጠጋል። ብቃታችሁ ሳይነካ፣ በዕድል ብቻ ማለት ነው!

ወደ ሌላው ጎን ስናዞረው፦ በእውነት 20 ነጥብ ያህል ተሻሽላችሁ ከሆነ፣ ይህን ከዕድል ለይቶ በውጤት ለማሳየት 1,200 ያህል ጨዋታ ያስፈልጋል። 100 ነጥብ ከሆነ ግን 50 ያህል ጨዋታ ይበቃል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሬቲንግ እንደ ቴርሞሜትር አይታይም። ለመሻሻላችሁ የተሻለ መለኪያ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ የምትቆጥሯቸውን ነገሮች ተከታተሉ፦ በሰዓት ስንት ጨዋታ ተሸነፍኩ? አሸናፊ አቋም ይዤ ስንቱን አጣሁ? 20ኛው እንቅስቃሴ ላይ ስንት ሰከንድ ቀረኝ? እነዚህ ቁጥሮች ከሬቲንጉ ቀድመው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ።

ሌላም ነገር አለ። ከሽንፈት በኋላ ተናዶ «አንድ ብቻ» ማለት የተለመደ ነው። ዕድሉ ራሱ ተከታታይ ሽንፈት እንደሚያመጣ አይተናል፤ ንዴቱ ሲጨመርበት ግን እውነተኛ ውድቀት ይሆናል። ሕጉን ከመጀመራችሁ በፊት አውጡት፦ ሦስት በተከታታይ ከተሸነፍኩ ስልኩን አስቀምጣለሁ። በንዴት መሃል ሆኖ ሕግ የሚያወጣ ሰው የለም።

የአንድ ወር ሙከራ

እንግዲህ ያን 41 ሰዓት እንደገና እንከፋፍለው። ግማሹን እንኳ ብትጠቀሙ ይበቃል።

በየቀኑ 15 ደቂቃ ቀላል እንቆቅልሾችን (ፐዝል) ሥሩ። አዎ፣ ቀላል! አስቸጋሪዎቹ ስሌት ያስተምራሉ፤ ለብሊትዝ የሚያስፈልጋችሁ ግን በሁለት ሰከንድ የሚታዩ ቅርጾች ናቸው። ከ10 ዘጠኙን በትክክል የምትፈቱበትን ደረጃ ያዙ፤ የተሳሳታችኋቸውን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ድገሟቸው።

በሳምንት ሁለት የፍጻሜ ቅርጾችን አጥኑ። ከላይ ባየነው የንጉሥና የወታደር ፍጻሜ ጀምሩ። ቀጥሎ የፊሊዶር መከላከያ የሚባለውን ያዙ፦ በሩክ ፍጻሜ ተጋጣሚያችሁ አንድ ወታደር ቢበልጣችሁ፣ ንጉሣችሁን ከወታደሩ ፊት፣ ሩካችሁን ከእናንተ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሙ፤ ወታደሩ ወደዚያ ረድፍ ሲገባ ሩኩን ከኋላ አድርሳችሁ ቼክ በሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው 10 ሰከንድ ቢቀረውም አቻ ይወጣል።

ብሊትዝ በቀን ከ6 ጨዋታ አትለፉ፤ ግን ከእያንዳንዱ በኋላ 2 ደቂቃ ውሰዱ። መጀመሪያ ያለ ኢንጂን «የተበላሸው የት ነው?» ብላችሁ ራሳችሁ ገምቱ፤ ከዚያ ስቶክፊሽን ጠይቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ረጅም፣ ቢያንስ የ15 ደቂቃ ጨዋታ ተጫወቱ። አዲስ ቅርጽ ወደ አእምሮ የሚገባው ጊዜ ሲኖር ነው፤ ብሊትዝ ያለውን ያወጣል እንጂ አዲስ ብዙ አያስገባም። ወር ሙሉ የ1 ደቂቃ ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ሰው ያሉትን ልማዶች፣ መጥፎዎቹንም ጭምር፣ እያጠናከረ ነው።

በወሩ መጨረሻ ያን የመጀመሪያ ወረቀት አውጡና ከ10 ሰከንድ በላይ የወሰዱ እንቅስቃሴዎቻችሁን እንደገና መድቧቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል ቀንሰው ሦስተኛው ድርሻው ከጨመረ፣ ሬቲንጉ ገና ባይነሳም ሥራው እየሠራ ነው። ካልተለወጠ ደግሞ የቱ ክፍል እንደቀረ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል፤ የሚቀጥለውን ወር ከዚያ ጀምሩ።